የሱስ ነገርና የወላጆች ድርሻ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች ንባብ ጥቂት ቃል ተናግረን፣ ዛሬም በዚያው ልንቀጥል አስበን ነበር። ዳሩ ግን በመካከሉ በሥራ ቤታችን ያየነው አንድ ነገር ብዕራችንን ወደ ሌላ መለሰው፤ ይኸውም ልጆቻችንን ስለሚይዘው ስለ መጠጥ፣ ስለ ጫትና ስለ ትንባሆ ሱስ ነው።

አንድ አዛውንት ኑዛዜያቸውን ሊያጽፉ ወደ ፍርድ ቤት መጡ። ስማቸውንና አገራቸውን አንናገርም። ጋቢያቸው የነጣ፣ ማተባቸው ከዕድሜ የተነሣ የጠቆረ፣ ጾም የማይሽሩ መሆናቸው ከፊታቸው የሚነበብ ሰው ናቸው። የመጡበትም ጉዳይ የበኵር ልጃቸውን ከውርስ ለመንቀል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አባት ልጁን በኑዛዜ ከውርስ እንዲነቅል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን እንዲያው በቍጣ ብቻ አይሆንም፤ ምክንያቱ በኑዛዜው ላይ ተገልጦ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ብዕራችንን አንሥተን «አባቴ፣ ምክንያቱን ይንገሩን» አልናቸው።

«ይጻፉ» አሉ፤ «ሰክሮ ይገባል። ጫት ሲቅም ይውላል። የእናቱን የአንገት ወርቅ ሸጦታል።»

ይህን ጻፍን። ወደ ፊት ክርክር ቢነሣ ይጠቅማል ብለን ደግሞ «ነገሩ ከመቼ ጀመረ?» ብለን ጠየቅናቸው።

አዛውንቱ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም በኋላ «የታናሹ ክርስትና ዕለት ነው» አሉ፤ «ያን ጊዜ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከመለኪያዬ ያቀመስኩት እኔ ነኝ። አረቄው አቃጥሎት ፊቱን ሲያጨማድድ ቤት ሙሉ ሰው ሣቀ። ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ ይዞ ወደ አረቄ ቤት የሚላከውም እርሱ ነበር።» ይህን ብለው በትራቸውን አንሥተው ወጡ። ወረቀቱ ሳይፈረም በእጃችን ቀረ።

በዚያ ቀን ማታ ወደ ቤታችን ስንገባ ይህን ታሪክ ለባለቤታችን እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አድርገን አወራንላት። እርስዋ ግን እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አልሰማችውም። ተነሥታ ከቁም ሳጥኑ የአረቄውን ጠርሙስ አመጣችና በላዩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ በእርሳስ የተሰመሩ ምልክቶችን አሳየችን። ሁለት ወር ሙሉ ስታሰምር ኖራለች። መጠጡ እንግዳ ሳይመጣ ይጐድላል። «ለምን አልነገርሽንም?» ብንላት «ቍጣችሁን ፈርቼ ነው» አለች። ልጃችን 14 ዓመቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንሰውር አይገባንም። ባለፈው ዓመት የሚካኤል ማኅበር በቤታችን ተራ ሲሆን ይኸው ልጅ አሳላፊ ነበረ። ከማኅበርተኞቹ አንዱ «ለአሳላፊው አቅምሱት እንጂ» ባሉ ጊዜ ከሣቁት ሰዎች አንዱ እኛ ነበርን። አዛውንቱ በፍርድ ቤት የተናገሩት ቃል ለእኛም የተነገረ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ የክርስቲያን ወላጅ ነገር ከሌላው የሚከብደው በዚህ ነው። ሱስ በመንገድ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጅን ከመንገድ መከልከል በበቃ ነበር። ነገር ግን በእኛ ዘንድ መጠጥ ከክርስትናው፣ ከሠርጉ፣ ከተዝካሩና ከማኅበሩ ጋራ አብሮ ይኖራል። ጠላ የጥንት መጠጣችን ነው፤ በውስጡ ያለውም አልኮል ከመቶ ጥቂት እጅ ነው። ዳግም አረቄ ግን ከመቶ 40 እጅ የሚያልፍ አልኮል አለበት። ሁለቱን እንደ አንድ ቈጥሮ ለሕፃን «የበረከት ነው» ብሎ ማቅመስ ካለማወቅ የሚመጣ ስሕተት ነው። የሰው አንጐል እስከ 25 ዓመት ገደማ ማደጉን እንደማያቋርጥ ሐኪሞች ይናገራሉ። ከሁሉ ኋላ የሚበስለውም ራስን የሚገዛው ክፍል ነው። በሰባት ዓመቱ የተለማመደውንና በሠላሳ ዓመቱ የጀመረውን ሰው ሱስ እኩል የማይዛቸው ስለዚህ ነው።

መንግሥትም በ2011 ዓ.ም. ባወጣው በአዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮልና ትንባሆ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ሺሻንም አግዷል። ይህ አዋጅ ግን በሱቁ በር ላይ በአንድ ቃል ይፈርሳል፤ ያም ቃል «አባባ ልኮኝ ነው» የሚለው ነው። ባለ ሱቁ አባትየውን ያውቃል፤ ልጁን አይጠረጥርም፤ ጠርሙሱንም ይሰጠዋል። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቻችሁ ሕግ የምታረቅቁ፣ የምታስፈጽሙ ወይም የምትፈርዱ ናችሁና፣ ሕጉን የሚያፈርሰው ቃል ከእናንተ ቤት እንዳይወጣ ብንለምናችሁ ድፍረት አይመስለንም።

የጫት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ ወላጆች ጫትን የሚያውቁት በስም ብቻ ስለ ሆነ ልጃቸው ሲጀምር አያስተውሉትም። የሚሸት ትንፋሽ የለውም፤ የሚንገዳገድ እግርም የለውም። ይልቁንም ልጁ ተግቶ ሲያጠና ያድራልና እናቱ ደስ ይላታል። በእርጥቡ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል የሚያነቃ ነገር አለ። ቅጠሉ ከተቈረጠ ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ ኃይሉ እየደከመ ስለሚሄድ ነጋዴዎች እርጥበቱ እንዳይወጣ በቅጠል ጠቅልለው ይቸኵላሉ። ቃሚዎቹ «ምርቃና» የሚሉት ንቃት ሲያልፍ ግን ድካምና ድብርት ይከተላል። እንቅልፍም እምቢ ስለሚል ያንን ለመስበር ወደ መጠጥ ይሄዳሉ፤ ይህንንም «ጨብሲ» ይሉታል። ስለዚህ ለፈተና ሲል በጫት የጀመረ ተማሪ ሳያስበው ሁለተኛ ሱስ ይጨምራል። እንግሊዝ አገር ጫትን በ2006 ዓ.ም. ከልክላለች፤ በእኛ አገር ግን የተፈቀደ ንግድና የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ነውና ከትምህርት ቤት አጠገብ ቢሸጥ የሚገርመው ሰው ጥቂት ነው። ቤተ ክርስቲያን ምእመናንዋን ከጫትና ከትንባሆ እንዲርቁ ስትመክር ኖራለች። ወላጅ ግን ምክሩን ለካህኑ ትቶ እርሱ ዝም ቢል ልጁ ጫት ምን እንደሚያደርግ ከቃሚው ጓደኛው ይማረዋል።

ስለ ትንባሆ ብዙ አንጽፍም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በሚያጨሱ ሰዎች ላይ ከባድ ቅጣት ያደርጉ እንደ ነበር ታሪክ ጸሐፊዎች ይነግሩናል፤ ሆኖም ትንባሆ በቅጣት ብቻ አልጠፋም።

በሕፃንነታችን ዳዊት በደገምንበት በየኔታ ቤትም ሆነ ኋላ በገባንበት በሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ስለ መጠጥ የሰማነው ትምህርት ሁሉ ማስፈራራት ነበር። ይሁን እንጂ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከማስፈራራት የሚሻል ነገር አለ። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 31 ንጉሥ ልሙኤልን ከወይን ጠጅ እንዲጠበቅ የመከረችው እናቱ ናት። የሰጠችውም ምክንያት ጠጥቶ ሕግን እንዳይረሳና የድኻውን ፍርድ እንዳያጣምም ነው። ልጅዋን በሲኦል አላስፈራራችውም፤ የተጠራበትን ሥራ አስታወሰችው። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 35 ደግሞ ሬካባውያን የሚባሉ ቤተ ሰቦች አሉ። ነቢዩ በቤተ መቅደስ ወይን ጠጅ ቀድቶ ቢያቀርብላቸው፣ አባታችን ኢዮናዳብ አዝዞናልና አንጠጣም ብለው መለሱ። ኢዮናዳብ በንጉሥ ኢዩ ዘመን የነበረ ሰው ነውና ትእዛዙ ከተሰጠ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ራሱ እየጠጣ ልጆቹን ከልክሎ ቢሆን ትእዛዙ አንድ ትውልድ የሚሻገር አይመስለንም።

ወደ ቤታችን ነገር እንመለስ። በዚያች ሌሊት መጀመሪያ ያሰብነው አለንጋውን ነበር። ሆኖም የአዛውንቱ ፊት ከዓይናችን አልጠፋ አለ፤ እስኪነጋም ታገሥን። በማግሥቱ ልጁን ለብቻው ጠርተን ጠርሙሱን በፊቱ አኖርንና «ልጄ፣ አትፍራ፤ እኛ ያጠፋነውንም እንነግርሃለን» አልነው። የማኅበሩን ዕለት እኛው አስታወስነው። እርሱም ብዙ ካቀረቀረ በኋላ «አባባ፣ የጀመርኩት እንግዶች በመለኪያ ያስቀሩትን በመጨለጥ ነው» አለ። ሌላም ያልጠረጠርነውን ነገረን፤ በፈተና ሰሞን አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው ጫት ሰጥቶት ሁለት ሌሊት ቅሞ አጥንቷል። በዱላ ብንጀምር ይህን ሁለተኛውን አንሰማም ነበር።

ያን ቀን አረቄው ከቤታችን ወጣ። ይህ ቀላል መስሎን ነበር፤ ሆኖም ዘመድና ጓደኛ አስቸገረን። አንድ ወዳጃችን «በሸመገልንበት ዘመን ብርዝ ልታጠጡን ነውን?» ብሎ አፌዘብን። ልጁም ወዲያው መልአክ አልሆነም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደ ገና ቅሞ መጣ። የተለየው ነገር በዚያው ማታ ለእናቱ ራሱ መናገሩ ነው። እርስዋም ለእኛ ለመንገር አልፈራችም።

ልጃቸው አስቀድሞ በሱስ ለታሰረባቸው ወላጆች አንድ ቃል እንጨምራለን። ብዙ ዓመት አጥብቆ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን በድንገት እንዲያቆም ቢደረግ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና የሚጥል ሕመም ሊይዘው፣ እስከ ሞትም ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ በቤት ዘግቶ ማስተው ወይም ያለ ሐኪም ምክር ወደ ሩቅ ጠበል መውሰድ አደገኛ ነው። ሱስ የሚታከም ሕመም ነው፤ በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታልን በመሳሰሉ የአእምሮ ሕክምና ቤቶች ሐኪሞች ይረዳሉ። ጠበልና ጸሎት ከሕክምና ጋራ አይጣሉም፤ ሐኪሙንና የንስሓ አባቱን በአንድነት የያዘ ቤተ ሰብ ሁለቱንም ማጣት የለበትም። ብዙ ሰዎች ወደ ሐኪም የማይሄዱት ጎረቤት እንዳያይ ብለው ነው፤ እኛም በባለቤታችን እርሳስ እንዳየነው፣ ነገሩን ተሰውሮ የሚያሳድገው ይህ እፍረት ነው።

አዛውንቱ ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም። ያልተፈረመው ወረቀት እስከ ዛሬ በመዝገባችን ውስጥ አለ፤ ልጃቸውን ታርቀውት እንደ ሆነ አናውቅም።

ባለፈው ወር የማኅበሩ ተራ እንደ ገና ደረሰንና ባለቤታችን ብርዝ በጠበጠች። አሳላፊው ያው ልጃችን ነበር። በመካከሉ አምና የተናገሩት ማኅበርተኛ ረስተው «ለአሳላፊውም አቅምሱት እንጂ» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ሁሉም ወደ እኛ ተመለከተ። ልጁ ግን በገዛ እጁ ከብርዙ ቀድቶ ጠጣና ማሳለፉን ቀጠለ።