ደንገጎ የውድድር ሜዳ አይደለም

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደውን የደንገጎን ቁልቁለት በስንት ደቂቃ እንደወረደ የሚያወራ ሾፌር ድሬዳዋ ውስጥ አድናቂ አያጣም። መንገዱን ሙሉ ነፍሱ ስትንጠለጠል የነበረው ተሳፋሪ እንኳ ከወረደ በኋላ «እሱ እኮ ነው ሾፌር!» ይላል። ሕዝቡ «አልቃይዳ» ያለው አይሱዙ ከአወዳይ ጫት ጭኖ ሲከንፍ ሌላው መንገድ ይለቅለታል፤ ካለፈ በኋላም ስለ ቅልጥፍናው ይወራለታል። ይህን አድናቆት ጨዋታ ነው ብለን ማለፋችን ያስወቅሰናል።

«እንደ ራሊ ነው የሚነዳው» የሚሉም አሉ። እሺ፣ ከእውነተኛ ውድድር ጋር እናስተያየው። በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ በየዓመቱ የዳገት ውድድር አለ፤ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 156 ኩርባ፣ መድረሻው 4,302 ሜትር ከፍታ ላይ። የሐረር ሰው በታክሲነት የሚያውቀው ፔጆ እ.ኤ.አ. በ2013 በሾፌሩ ሴባስቲያን ሎብ እጅ በ8 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ጨርሶታል። መኪናው 208 ይባል እንጂ ለዚያ ተራራ ብቻ የተሠራ ነበር፤ ክብደቱ 875 ኪሎ፣ ጉልበቱም 875 ፈረስ። ጉልበቱን ብቻ የሚያደንቅ ግን ግማሹን አላየም። ፍሬኑ ለለማን የ24 ሰዓት ውድድር ከተሠራው ፔጆ 908 የመጣ ነው። ሾፌሩ በብረት ቀፎ ውስጥ በቀበቶ ታስሯል። መንገዱ ዝግ ነው፤ ፊት ለፊት የሚመጣ ባጃጅ፣ የሚሻገር ፍየል የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰዓት የሚያዘው ሽቅብ ሲወጣ ነው። ቁልቁለት የሚሽቀዳደም የለም።

እኛ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው የዚህ ተቃራኒ ነው። ፋብሪካው ከፈቀደው በላይ ለመጫን ባሌስትራ ይደረባል፣ ስፖንዳው ከፍ ይደረጋል፤ ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው። 10 ቶን የሚመዝን መኪና 700 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት አንድ በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ነው። ከሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ የሚወርድ ጭነት ይህን ሙቀት የሆነ ቦታ ማራገፍ አለበት። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ያግዘዋል። ለመፍጠን ወይም ነዳጅ ለመቆጠብ ዜሮ ማርሽ ከለቀቀ ግን ዕዳው በሙሉ የፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ ይጨሳል፤ በመጨረሻም ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይሰማም። «ፍሬን እምቢ አለው» ብለን ለዕድል የምንሰጠው አደጋ እንዲህ ሲዘጋጅ የቆየ ነው።

«ጫት ይጠወልጋል፣ ገበያ አይጠብቅም» የሚለው መከራከሪያ እውነት አለው። በድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ጅቡቲ የሚገባ ጫት በእርግጥ ሰዓት አይሰጥም። መፍትሔው ግን ቀድሞ መጫን ወይም ጭነቱን ለሁለት መኪና መክፈል ነው። ይህ ወጪ አለው፤ ወጪው ከነጋዴው ኪስ እንዳይወጣ ሲባል በሾፌሩ፣ በረዳቱና በመንገደኛው ሕይወት ይከፈላል።

ድሬዳዋ ራሷ የተወለደችው ተራራውን ካለመድፈር ነው። የባቡር ሐዲዱ መጀመሪያ ሐረር ድረስ ሊዘልቅ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱ አስቸጋሪና ውድ ሆኖ ሲገኝ በግርጌው እንዲያልፍ ተደረገ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ስፍራም ድሬዳዋ ሆነ። በዚያ ዘመን ባለሙያዎቹ ከተራራው ጋር እልህ አልተጋቡም።

አደጋ በደረሰ ቁጥር ሾፌሩን ብቻ አስሮ መመለስ ለሁላችንም ይቀልለናል። ፍጥነቱን የሚያዝዘው ግን ባለጭነቱ ነው፤ ባሌስትራ የሚያስደርበው ባለመኪናው ነው፤ ጭነት ሳያይ ቦሎ የሚሰጥ መርማሪ ካለም እሱ ተባባሪ ነው። ተጠያቂነቱ ከእነዚህ ይጀምር።