የወደቀው ወታደር ስም የት ተጻፈ?

በደቡብ ኮሪያዋ የወደብ ከተማ በቡሳን፣ በተባበሩት መንግሥታት የመታሰቢያ መካነ መቃብር ውስጥ የወገኑን መቃብር የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ አያገኝም። 2,300 ያህል ወታደሮች ባረፉበት በዚያ ስፍራ እንግሊዞችና ቱርኮች ብዙ ናቸው፤ ኢትዮጵያዊ አንድም የለም። ስማቸው ግን አለ። በኮሪያ ጦርነት የወደቁና የጠፉ ከ40,000 በላይ ወታደሮችን በሚዘክረው ግንብ ላይ ከ120 በላይ የኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ ልጆች ተጽፈዋል።

አስከሬናቸው እዚያ ያልቀረው አገሩ ስለገባ ነው።

በራስ መኮንን የፈረስ ስም የተሰየመው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። ሐምሌ 1945 ተኩስ እስኪቆም ድረስ እየተተካካ ሲዋጋ ከ500 በላይ ቆሰሉበት፤ የተማረከበት ግን አልነበረም። ከወደቀ ጓድ ሬሳ ተለይቶ መመለስ ለእነዚያ ወታደሮች ነውር ነበር። የተሠዉት በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፈዋል።

አገር ግን ዘማቾቿን ሁልጊዜ አላከበረችም። ደርግ ሥልጣን ሲይዝና ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ የቃኘው አርበኞች ተገፉ፤ በኮሪያ መዝመት መኩሪያ መሆኑ ቀርቶ የሚደበቅ ነገር ሆነ። መንግሥት በተቀየረ ቁጥር የሟች ክብር የሚቀየር ከሆነ በደሉ የሚያርፈው በጄኔራሎቹ ላይ ሳይሆን ታዝዞ በሄደው ተራ ወታደር ላይ ነው።

ከኮሪያ በኋላ ዘምተው ከወደቁት ብዙዎቹማ የታወቀ መቃብርም የላቸውም። በኦጋዴን፣ በኤርትራ ተራሮች፣ በባድመ ግንባር የወደቁ የስንቱ ወላጆች መርዶ ሲደርሳቸው ፎቶግራፍ አቁመው አለቀሱ። ልጃቸው የት እንደተቀበረ የነገራቸው የለም።

ጦርነቶቹ ተገቢ ነበሩ ወይስ አልነበሩም የሚለው ክርክር ይቀጥል፤ መቀጠልም አለበት። የወታደሩን ስም መመዝገብ ግን የክርክሩን ማብቂያ የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም። የላከው መንግሥት ቢወድቅም ዕዳው ወደ ተተኪው ይተላለፋል። መከላከያ ሚኒስቴር በእጁ ያለውን መዝገብ ሟቹ ከተወለደበትና ከወደቀበት ስፍራ ጋር ለሕዝብ ይክፈት፤ የጎደለውንም በየወረዳው ከቤተሰብና ከጓዶቹ ጠይቆ ይሙላ። በ1969 እና በ1970 ልጆቻቸውን ወደ ኦጋዴን የሸኙ እናቶች ዛሬ በእጅጉ አርጅተዋል። ምዝገባው ከእነሱ ቤት ይጀመር።