«ዘራቸው ሌላ ነው» ያለው ሳይንስ አይደለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ከጉባኤ በኋላ ስለ ጋብቻ ስንወያይ አንድ ነገር ተነሣ። ሁለቱም በቤተ ክርስቲያን ያደጉ ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ቢያስቡ፣ እርሱ ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ስለተወለደ የእርሷ ዘመዶች አይሆንም ማለታቸው ተነገረ። ይህ ለማናችንም አዲስ አልነበረም። አዲስ የሆነብኝ በትምህርቱ የገፋ አንድ ወንድማችን የሰጠው አስተያየት ነው፦ «ይህ እኮ ንቀት አይደለም፤ በዲኤንኤ ተጠንቶ ዘራቸው ሌላ መሆኑ ታውቋል።» የመለሰለት አልነበረም። እኔም የሥነ ሕይወት ተማሪና ዲያቆን ሆኜ ሳለ ዝም አልሁ። ይህን የምጽፈው ያን ዝምታ ለመካስ ነው።

ወንድማችን የሰማው ጥናት መሠረት አለው፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ ነው የሰማው። ጥናቱ ስለ ሐዋሳም ስለ ሲዳማም አይደለም። በጂንካ ዙሪያ ስለሚኖሩት አሪዎች ነው። በአሪ ዘንድ ገበሬውና ቀጥቃጩ በአንድ ቋንቋ ይናገራሉ፣ በአንድ አገር ይኖራሉ፣ ነገር ግን አይጋቡም። እ.ኤ.አ. በ2012 የኢትዮጵያውያንን ዘረመል የመረመረ አንድ ጥናት ታትሞ ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ አሳይቶ ነበር። በሥዕላዊ መግለጫውም ላይ የቀጥቃጮቹ ቀለም ከገበሬዎቹ ተለይቶ ታየ። በዚህ ምክንያት «ቀጥቃጮቹ ገበሬዎቹ ከመምጣታቸው በፊት የነበረ የሌላ ሕዝብ ቅሪት ናቸው» ለሚለው የቆየ ግምት ማስረጃ የተገኘ መሰለ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ማስተዋል ይገባል። የዘረመል ተመራማሪዎች በእንዲህ ዐይነቱ ሥዕል ላይ ያለውን ቀለም «አንሴስትሪ» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ የዘር ሐረግ ድርሻ ብንለው ያስኬዳል። ሰሚው ቃሉን ሲሰማ አባትና አያት፣ አገርና ነገድ ይታዩታል። ኮምፒውተሩ ግን ነገድ አያውቅም። ሰዎችን በዘረመላቸው መመሳሰል ይመድባል፤ ስንት ምድብ እንዲያወጣ የሚነግረውም ሰው ነው። የተለየ ቀለም መውጣቱ እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው በጣም ይመሳሰላሉ ማለት ነው። ለምን እንደተመሳሰሉ ግን ቀለሙ አይናገርም።

ለምንነቱን የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ሁለተኛ ጥናት ነው። መሪዋ ሉሲ ቫን ዶርፕ ስትሆን ከጸሐፊዎቹ መካከል ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለ ይገኙበታል። ተመራማሪዎቹ በቅርብ ዘመን መገለል የፈጠረውን መመሳሰል የሚያቃልል ስሌት ሲጠቀሙ ልዩነቱ ደበዘዘ። ቀጥቃጩና ገበሬው ከአንድ ምንጭ የወጡ፣ የተለያዩትም ካለፉት 4,500 ዓመታት ወዲህ የሆኑ ወገኖች ሆነው ተገኙ። ታዲያ ያ የተለየ ቀለም ከየት መጣ? ጥቂት ሰዎች ለብዙ ትውልድ ከራሳቸው በቀር የሚያገባቸው በማጣታቸው የመጣ ነው።

ነገሩን ገበሬ በቀላሉ ይረዳዋል። ከአንድ ጎተራ ሰርገኛ ጤፍ ላይ አንድ እፍኝ ዝገንና ለብቻው ዝራ። ከምርቱም በየዓመቱ አንድ እፍኝ ብቻ ለዘር እያስቀረህ መልሰህ ዝራ። ከዓመታት በኋላ የቀዩና የነጩ መጠን እንደ ጎተራው ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም አንዱ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። በዚያን ጊዜ የመጣ እንግዳ «ይህ ጤፍ ከሌላ አገር የመጣ ነው» ቢል እንስቃለን። ከጎተራው ለይተን የዘራነው እኛው ራሳችን «ዘሩ ሌላ ነው» ብንልስ ምን እንባላለን?

የወንድማችን ስሕተት እዚህ ላይ ነው። አላጋባ ብለን የፈጠርነውን ልዩነት አለማጋባታችን ትክክል ለመሆኑ ምስክር አድርጎ አቀረበው። ጠባሳውን እያሳየ በትሩን አጸደቀ።

አባቶቻችን ሰባት ቤት የሚያስቆጥሩን ለምንድን ነው? ሥጋ ዘመድ ከሥጋ ዘመዱ እንዳይጋባ ነው። ወደ ኋላ ሰባት ትውልድ ብንሄድ የአንድ ሰው ቅድመ አያቶች 128 ናቸው። ሠላሳ ትውልድ ብንወጣ፣ ማለትም ወደ ቅዱስ ላሊበላ ዘመን ገደማ ብንደርስ፣ ስሌቱ ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል፤ በዚያ ዘመን ግን በዓለም ሁሉ ይህን ያህል ሰው አልነበረም። ስለዚህ ያው አንድ አያት በብዙ መንገድ እየተደጋገመ ይቆጠራል፤ የእኔ አያት የአንተም አያት ይሆናል። ሰባት ቤት መቁጠር ከዘመድ አርቆ ወደ ሌላው ያጋባናል። የሙያ ንቀት ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ጥቂቶችን አጥሮ ከቅርባቸው በቀር እንዳያገኙ ያስገድዳቸዋል። ሁለቱንም «የአባቶች ሥርዓት» ብሎ በአንድ ስም መጥራት አይቻልም።

እዚህ በሲዳማም ሀዲቾ የሚባሉት ሸክላ ሠሪ ወገኖቻችን ከጋብቻና ከማዕድ ተለይተው ዘመናት አሳልፈዋል። በጀበናቸው ቡና እንጠጣለን፣ በምጣድ እንጋግራለን። እኔም በቅዳሴ የምይዘው ጽናና ቃጭል የቀጥቃጭ እጅ ሥራ ነው፤ የከበሮው ቆዳና የብራናው ገጽ ደግሞ የፋቂ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ስድቡ ልብሱን ለውጦ «ዲኤንኤ» እያለ መጣ። የናዝሬት ሰዎችም ጌታችንን ሊያቃልሉ የፈለጉት የጸራቢ ልጅ መሆኑን በማንሣት እንደነበር ማቴዎስ በምዕራፍ 13 ጽፎልናል። ለድንኳኑ ሥራ በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላው ባስልኤልም (ዘጸ. 31) በወርቅ፣ በብርና በናስ የሚሠራ ባለ እጅ ነበር።

አሁን ደግሞ ለሌላው ወገን አንድ ቃል። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ «እንግዲህ ሳይንስ አንድ መሆናችንን አረጋገጠ» ብላችሁ የምትደሰቱ ትኖራላችሁ። አትቸኩሉ። የ2015ቱ ጥናት በተቃራኒው ቢወጣስ ኖሮ? ቀጥቃጮቹ በእርግጥ የሌላ ጥንታዊ ሕዝብ ልጆች ሆነው ቢገኙ ንቀቱ ጽድቅ ይሆን ነበር? ቅዱስ ጳውሎስ በአርዮስፋጎስ ቆሞ (ሐዋ. 17፥26) የሰውን ዘር ሁሉ ከአንድ ያወጣ እግዚአብሔርን ሲሰብክ ማስረጃ ከቤተ ሙከራ አልተዋሰም። «ሚቶኮንድሪያል ሔዋን» የሚለውን ስም ይዘው መጽሐፍ ቅዱስን ሊያስመሰክሩ ለሚሮጡም ይኸው ይነገር፤ ያ ስም በእናት በኩል ብቻ የሚወርድ የዘር ሐረግ የሚገናኝበትን ሰው መጠሪያ ነው፤ በዘመኗ ብቸኛዋ ሴት ነበረች ማለት አይደለም። ቃሉን ከልኩ በላይ ማስናገር ለእምነትም አይጠቅምም።

ለእነዚያ ሁለት ወጣቶች ጉዳይ የሚያስፈልገው መልስ እጅግ አጭር ነው። ሁለቱም በአንድ ጥምቀት የተጠመቁ፣ ከአንድ ጽዋ የሚቀበሉ ናቸው። በሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና ካልተገኘባቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ከምትከለክልባቸው ምክንያቶች መካከል «የሸክላ ሠሪ ልጅ» የሚል የት ተጽፏል? ዘመዶቿ ይህን ለንስሐ አባታቸው ያቅርቡ፤ ያ ወንድማችንም አብሮ ይሂድ፤ እኔም ጥናቶቹን ይዤ ለመከተል ዝግጁ ነኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።