የሕፃኑ መጠቅለያ

በልደት ዋዜማ በኩየራ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሳመራ ውሾች ከቦይ ውስጥ የሕፃን ዳይፐር እየጎተቱ ሲያወጡ ተመለከትሁ። በቤተ ልሔም የተወለደው ጌታ የተጠቀለለው ግን በጨርቅ ነበር። እኛንም እናቶቻችን ያረጀ ነጠላ ቀደው፣ አጥበውና በፀሐይ አድርቀው ነው ያሳደጉን።

ዳይፐር ፕላስቲክ ስላለበት በአፈር ውስጥ ለብዙ ዘመን ሳይበሰብስ ይቆያል። ቢያቃጥሉት ጢሱ ለዚያው ሕፃን ሳንባ ጠንቅ ነው። በቦይ የተጣለውንም የክረምት ጎርፍ ከነእዳሪው ወደ ወራጅ ውኃ ያወርደዋል፤ ከታች ደግሞ የሚቀዳ አለ።

ይህንኑ ባነሣ አንዲት እናት፣ «ዲያቆን፣ ጨርቁን የማጥብበትን ውኃ ማን ይቅዳልኝ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ውኃ በጀሪካን ለሚገባበት ቤት በየዕለቱ ጨርቅ ማጠብ ከባድ ድካም ነው። እናትን መውቀስ ስለዚህ አይገባም፤ በእኔ እምነት ጀሪካኑን አባት ሊሸከም ይገባዋል። ለመንገድና ለሕመም ጊዜ ዳይፐር ቢያስፈልግ እንኳ ከቦይ ይራቅ።

ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ የምንጠራ ወዳጆችም በእሽግ ዳይፐር ፈንታ የሸማኔ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ፣ ቢቻል ደግሞ አንድ በርሜል ውኃ አስጭነን እንሂድ።