የታሰረው ሰው የት ነው?

የሆሳዕና፣ የሾኔ፣ የዱራሜ፣ የአንጋጫ መራጮች ሆይ! በ1992 ዓ.ም. የሐዲያ ሕዝብ ማስፈራሪያውን ችሎ ተቃዋሚዎችን ፓርላማ ልኳል። ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ሲዘጋ «አበቃ» ተባልን። አላበቃም! በ2015 ዓ.ም. የምክር ቤት አባሉ አቶ ክርስቲያን ታደለ ያለመከሰስ መብታቸው ሳይነሳ ተይዘው፣ በኋላ አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ተወሰዱ። የሕዝብ እንደራሴ እንዲህ ከሆነ ለሾኔው መምህር ማን ይደርስለታል?

እናት ስንቅ ቋጥራ ከጣቢያ ጣቢያ ትንከራተታለች። «እዚህ የለም» ትባላለች። ሕገ መንግሥቱማ በአንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ፣ በአንቀጽ 21 ቤተሰቡ ይጠይቀው ይላል!

ብትመርጡን የታሰረ ሰው ያለበት ቦታ በዚያው ዕለት ለቤተሰቡ ይነገራል፤ እስረኛ የደበቀ ሹም ራሱ ይከሰሳል።