አሳዳጊ የበደለው ውሻ

በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለው ገበሬ ወይፈን ሲገራ ከሰከነ በሬ ጋር ያጣምደዋል፤ በጥቂቱ ይጀምራል፤ ይታገሳል። በአንድ ጀንበር አላረሰም ብሎ የሚያርደው የለም። ነገሩ ውሻ ላይ ሲደርስ ይህ ሁሉ ጥበብ የት ይገባል?

ጉልበተኛው ቡችላ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይውላል። ሲፈታ ጌታውን እየጎተተ ይወጣል። ያኔ "ባለጌ ውሻ!" ተብሎ በዱላ ይነረታል። ባለጌው ግን ማን ነው?

ውሻ የሚጎትተው፣ ጎትቶ የፈለገበት ስለሚደርስ ነው። ስለዚህ ገመዱ ሲወጠር ሰውየው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ሲላላ ይራመድ። ከጎኑ በረጋ መንፈስ ሲሄድለት ቁራሽ ያጉርሰው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ መጀመሪያ በግቢ፣ ቀጥሎ ጭር ባለ መንገድ፣ በመጨረሻ ልጅና አህያ በሚተላለፍበት በገበያ ዳር። ዱላ ፍርሃትን እንጂ እርምጃን አያስተምርም፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል።

"ውሻ ለጥበቃ እንጂ ለሽርሽር አይደለም" የሚሉ አሉ። ታዲያ በገመድ መሄድ ያልለመደ ትልቅ ውሻ ለክትባት በምን ተይዞ ይወሰዳል? የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው ከሚተላለፍበት መንገድ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ያልተከተበ ውሻ ልጅ ሲነክስ ልጁ ለሞት ይጋለጣል፤ ሰፈሩም ለውሾች ሁሉ መርዝ ይበትናል። ጥፋቱ የጌታው፣ ቅጣቱ የሌላው!

ወይፈን መግራት የሚያውቅ ሕዝብ ውሻ መግራት አያቅተውም። ለመግራት ጊዜ የሌለው ግን ቡችላ አያምጣ።