የአይጥ ጉዳይ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ብቻ የሚተው አይደለም

በአገራችን የአይጥ ነገር ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰበው በማሳና በጎተራ የሚደርሰው የሰብል ጥፋት ነው። ሪፖርቱ በኩንታልና በሄክታር ይጻፋል፤ መድረሻውም የግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት ጉዳዩ ጤናንም እንደሚመለከት አመልክቷል።

የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከአውሮፓ ባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዱት ይኸው ጥናት፣ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከሰው መኖሪያ የማይርቁ ሁለት የአይጥ ዝርያዎች አዳዲስ የሞባላ ቫይረስ ዓይነቶችን ተሸክመው መገኘታቸውን ገልጿል። ከሁለቱ አንዱ የሆነው እግረ ነጩ አይጥ፣ ከዚህም ሌላ ቀደም ሲል የማይታወቅ የሐንታ ቫይረስ ተገኝቶበታል።

የሞባላ ቫይረስ በሰው ላይ በሽታ ማድረሱ እስካሁን አልተረጋገጠም። በመሆኑም ግኝቱ ሕዝብን ለማስደንገጥ አይበቃም፤ ፋይል ውስጥ ተዘግቶ እንዲቀመጥም ግን አይገባም። ሞባላ የላሳ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ነውና። ሁለተኛው ዝርያ፣ የአዋሹ አይጥ፣ በምዕራብ አፍሪካ ላሳን ከሚያሰራጨው አይጥ ጋር አንድ ወገን ነው።

የላሳ ትኩሳት በናይጄሪያ ቦርኖ ግዛት በምትገኝ አንዲት ከተማ የተሰየመ ሲሆን፣ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በምዕራብ አፍሪካ በየዓመቱ ከ100 ሺህ እስከ 300 ሺህ ሰዎችን እንደሚይዝና ወደ 5 ሺህ የሚሆኑትን ለሞት እንደሚዳርግ ይገመታል። ቫይረሱ የሚተላለፈው በአብዛኛው የአይጥ ሽንትና ኩስ በነካው ምግብና የቤት ዕቃ አማካይነት ነው። ከሚያዙት ሰዎች 80 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ አይጠናባቸውም ወይም ጭራሽ አይሰማቸውም፤ የሚጠናባቸውም ቢሆኑ ምልክታቸው መጀመሪያ ላይ ከወባና ከታይፎይድ አይለይም። ከበሽታው ከተረፉት መካከል የመስማት ችሎታቸውን ያጡ ጥቂት አይደሉም። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ600 በላይ፣ በ2020 ደግሞ ከ1 ሺህ 100 በላይ በላቦራቶሪ የተረጋገጡ ሕሙማን መዝግባለች፤ ለቁጥሩ ማደግ የምርመራው መስፋፋትም ድርሻ እንዳለው አይዘነጋም።

ታዲያ መፍትሔው መርዝ መርጨት ነውን? በጊኒ ገጠሮች በተደረገ ሙከራ የአይጦች ቁጥር ከመርዙ በኋላ በእርግጥ ቀንሷል፤ ሆኖም ወራት ሳይቆጠሩ ከአካባቢው ማሳዎች በመጡ ሌሎች አይጦች ተተክቷል። ስለሆነም ዘመቻ ብቻውን ዘላቂ ውጤት አያመጣም። እህልን ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ፣ የግድግዳና የጣሪያ ቀዳዳን መድፈን፣ ጥራጊን ከደጅ ማራቅ በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው። ይህን ለየቤቱ ለማስተማር ደግሞ ከግብርና ባለሙያው ይልቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትቀርባለች።

እርሷ ግን በቀበሌዋ አይጥ መብዛቱን የሚያስታውቅ ደብዳቤ አይደርሳትም። የአይጥ ወረራ ሪፖርት ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሲላክ ግልባጩ ለጤና ጽሕፈት ቤት እንዲደርስ ማድረግ ተጨማሪ በጀት የሚጠይቅ አይደለም።